የሳንባ ካንሰር ሕዋስን ለሲስፕላቲን የሚያጋልጥ ጥምር መድኃኒት እንዴት ይፈተናል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ የላብራቶሪ መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ ከሕክምና፣ ከፋርማሲና ከባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች ጋር ስለ መመረቂያ ጥናት ስንነጋገር ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም ከጥቁር አዝሙድ የሚገኘውን ቲሞኪኖን ወይም ሌላ በቀላሉ የሚገኝ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር አጣምሮ፣ ለኬሞቴራፒ አልበገር ያለውን የሳንባ ካንሰር ሕዋስ ማጋለጥ ይቻል እንደ ሆነ መፈተን ነው። የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከየትኛውም የካንሰር ዓይነት ይበልጥ ሰው የሚገድል በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጥናት በእኛ አካባቢ መታሰቡ ራሱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ «ሁለተኛው መድኃኒት ሕዋሱን ለመጀመሪያው አጋለጠው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሚመስለው በላይ ከባድ ማስረጃ ይጠይቃል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ብዙ ሕዋስ መሞቱ ብቻውን ይህን አያስረዳም፤ ሁለት መርዝ ከአንድ መርዝ ይበልጥ ቢገድል የሚጠበቅ ነውና። መታየት ያለበት ጥምረቱ ሁለቱ በተናጠል ከሚሠሩት ድምር በላይ መሥራቱ፣ ይህንንም በታማሚ ደም ውስጥ ሊደረስበት በሚችል መጠን መሥራቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው ይህን ማስረጃ ለማግኘት ሥራው ከመጀመሪያው እንዴት መቀናጀት እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ጥያቄውን አስቀድሞ መቅረጽ

ሥራው ከፒፔት በፊት በወረቀት ይጀምራል። ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የተገኘው በአጋጣሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲመረምሩ፣ ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ የተነሣ የተፈጠረው ውሕድ ባክቴሪያዎቹ እንዳይከፈሉ እንደሚያደርግ አስተዋሉ። መድኃኒቱ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ዛሬም እርሱና ወንድሙ ካርቦፕላቲን የሳንባ ካንሰር ኬሞቴራፒ መሠረት ናቸው። አሠራሩ የታወቀ ነው። ከሕዋስ ውጭ ክሎራይድ ብዙ ስለሆነ መድኃኒቱ እንዳለ ይቆያል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ክሎራይዱ ስለሚያንስ ክሎራይዶቹን ይጥልና ዲኤንኤ ላይ ካሉ ጉዋኒኖች ጋር ይጣበቃል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጉዋኒኖችን አስሮ ዲኤንኤውን ስለሚያጎብጠው ሕዋሱ መባዛት ያቅተዋል፤ ጉዳቱን መጠገን ካልቻለም ይሞታል።

አልበገር ባይነቱም የሚመጣው በእነዚሁ ደረጃዎች ነው። ሕዋሱ መድኃኒቱን በብዛት እንዳይገባ ይከለክላል ወይም የገባውን መልሶ ያስወጣል፤ ግሉታታዮን በሚባለው ንጥረ ነገር አስሮ ያከሽፈዋል፤ ኢአርሲሲ1ን በመሰሉ የጥገና ፕሮቲኖች ዲኤንኤውን ይጠግናል፤ አለዚያም በቢሲኤል2 ቤተሰብ ፕሮቲኖች አማካይነት የሞት ትእዛዙን ያግዳል። ሁለተኛው መድኃኒት መመረጥ ያለበት ከእነዚህ አንዱን እንደሚነካ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ለምሳሌ የዲኤንኤ ጥገናን የሚያግዱ መድኃኒቶች ከሲስፕላቲን ጋር የሚጣመሩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቲሞኪኖንን በተመለከተም ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን፣ ሕዋስ ከሞት እንዲያመልጥ የሚያግዘውን መስመር እንደሚገታ ስለታየ ከሲስፕላቲን ጋር በሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ላይ ተፈትኗል። «ባህላዊ መድኃኒት ስለሆነ» የሚለው ግን ለጥናት በቂ ምክንያት አይደለም። በፕሮፖዛሉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢጻፍ የሚመረጠው ይህ ነው፦ ሁለተኛው መድኃኒት የትኛውን የመከላከያ መንገድ እንደሚዘጋ፣ ይህ መዘጋቱም በምን እንደሚለካ።

ሕዋሱን መምረጥና ማንነቱን ማረጋገጥ

በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኤ549 የተባለው የሳንባ ካንሰር ሕዋስ ነው። ሕዋሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአንድ የ58 ዓመት ሰው የሳንባ አዴኖካርሲኖማ የተወሰደ ሲሆን በቀላሉ ያድጋል፤ ቁጥሩም በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሆኖም ጠባዩን ሳያውቁ መጠቀም ያሳስታል። ኤ549 የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደው ፒ53 የተባለው ዘረ መል ጤነኛ ነው፤ ኬራስ የተባለው ዘረ መሉ ተለውጧል፤ ኪፕ1 (KEAP1) የተባለው ዘረ መል ስለተበላሸበት ኤንአርኤፍ2 የተባለው፣ የሕዋሱን መከላከያዎች የሚያነሣሣው ፕሮቲን ያለ ገደብ ይሠራል፤ በዚህም የተነሣ የግሉታታዮን ክምችቱ ከፍተኛ ነው። በሌላ አነጋገር ሲስፕላቲንን ለመቋቋም በተፈጥሮው የታጠቀ ሕዋስ ነው። ስለዚህ በኤ549 ብቻ የተገኘ ውጤት የሳንባ ካንሰርን በሙሉ አይወክልም። ቢያንስ ፒ53 የሌለውን ኤች1299 ጎን ለጎን ማሠራት፣ ከተቻለም ኢጂኤፍአር በተባለው፣ ሕዋስ እንዲያድግ በሚያዝዘው ዘረ መል ላይ ለውጥ ያለበትን ፒሲ9 መጨመር ይገባል። የጤነኛ ሕዋስ ማነጻጸሪያ ደግሞ መቅረት የለበትም፤ ኤምአርሲ5 የተባለው የሳንባ ፋይብሮብላስት ለዚህ ይሆናል። ጥምረቱ ካንሰሩንም ጤነኛውንም እኩል ከገደለ የተገኘው ነገር መርዛማነት እንጂ ለካንሰሩ ሕዋስ የተለየ ተጋላጭነት አይደለም።

ከሌላ ላብራቶሪ በስጦታ የመጣ ሕዋስ ማንነቱ ኤስቲአር በተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ካልተረጋገጠ አይጠቀሙበት። በዓለም ዙሪያ በሌላ ስም ሲጠሩ የኖሩ ብዙ ሕዋሳት ሲመረመሩ ሄላ የተባለው የማኅፀን በር ካንሰር ሕዋስ ሆነው ተገኝተዋል። ሕዋሱን የሚበክለው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው፤ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ በተለመደው 0.2 ማይክሮን ማጣሪያም ሊያልፍ ይችላል፣ ሕዋሱ የሚያድግበትን ፈሳሽ፣ ማለትም ሚዲየሙንም አያደፈርስም። የተበከለ ሕዋስ ለመድኃኒት የሚሰጠው መልስ ስለሚለወጥ ምርመራው ሥራው ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው መደረግ አለበት።

ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው በውጭ አገር የተዘጋጁ የአሠራር መመሪያዎች ስለማያነሡት፣ እኛ ዘንድ ግን የሙከራውን ውጤት በቀጥታ ስለሚነካው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኢንኩቤተሩ ላይ 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሞላ መጠኑ የሚታየው በመቶኛ ነው፤ በሚዲየሙ ውስጥ የሚሟሟው ግን በግፊቱ ልክ ነው። ባሕር ዳርቻ 38 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሆነው 5 ከመቶ፣ ደሴ ላይ 28 ገደማ ብቻ ይሆናል። ሚዲየሙ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ሳይቀነስ ጋዙ ስለሚያንስ ፒኤቹ ወደ ላይ በ0.1 ያህል ወይም ትንሽ በበለጠ ይወጣል። አርፒኤምአይ 1640 የተባለው ሚዲየም በሊትር 2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ይዞ ለ5 ከመቶ የተዘጋጀው በባሕር ዳርቻ ግፊት ታስቦ ነው።

ይህ በዓይንም ይታያል። ፍላስኩ ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲወጣ በፌኖል ሬድ የቀላው ሚዲየም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ መሆን ሲገባው ወደ ሮዝ ካዘነበለ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳይቆይ እንኳ ያንን ቀለም ከያዘ፣ ጋዙ አንሷል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የእርጥበቱ ትነት ሲታሰብ ደሴ ላይ የኢንኩቤተሩን መጠን ወደ 7 ከመቶ ማስጠጋት፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ከ6 ከመቶ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከዚያም ሕዋስ የሌለበትን ሚዲየም ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሮ ፒኤቹን ወዲያው መለካትና ወደ 7.4 እስኪቀርብ ማስተካከል ያስፈልጋል። የተመረጠው መጠን በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ ከከተማው ከፍታ ጋር መመዝገብ አለበት፤ ሌላው አንባቢ ቁጥሩን ስሕተት አድርጎ እንዳይወስደው። የኦክስጅኑ ግፊትም በተመሳሳይ ሁኔታ ዝቅ ይላል፤ ኦክስጅን ከሚያመነጫቸው ጎጂ ቅንጣቶች ጋር የተያያዘ ነገር የሚለካ ከሆነ ይህም መገለጽ አለበት።

ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ኦቶክሌቭም ከዚሁ አያመልጥም። በመጽሐፍ የተጻፈው 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ዳርቻ ነው። ደሴ ላይ የሙቀት መለኪያ የሌለው ኦቶክሌቭ በ15 ፒኤስአይ ቢሠራ ሙቀቱ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል፤ 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 መቅረብ አለበት። ዕቃው ለዚህ ግፊት የተሠራ መሆኑን ሳያረጋግጡ ግፊት መጨመር አደገኛ ስለሆነ፣ ካልተፈቀደ ጊዜውን ማርዘምና የማምከኛ ማረጋገጫ መጠቀም ይሻላል። የመብራት መቋረጥን በሚመለከት ደግሞ ዋናው ጥበቃ ማነጻጸሪያውንና የሚፈተነውን ሁሉ በአንድ ፕሌት ላይ ማድረግ ነው፤ ኢንኩቤተሩ ሁለት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ሁሉም እኩል ይቀዘቅዛሉ። የተቋረጠበት ሰዓትና ርዝማኔው ግን በመዝገብ ይያዝ።

መድኃኒቱን ማዘጋጀት

ሲስፕላቲንን ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሟቻ አታሟሙ። ይህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ ይህንን እንዲሆን እወዳለሁ። ዲኤምኤስኦ ከፕላቲነሙ ጋር ተጣብቆ መድኃኒቱን ወደ ሌላ ውሕድ ይለውጠዋል፤ የዚህ ዓይነቱ «ሲስፕላቲን» የተሰጠው ሕዋስ ባይሞት አልበገር ባይ ስለሆነ ሳይሆን መድኃኒት ስላልደረሰው ነው። የሚሟሟው በ0.9 ከመቶ የጨው ውሃ ነው። ለሆስፒታል የሚመጣው በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ ጠርሙስ ሲሆን ይህ 3.3 ሚሊ ሞላር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በ1 ሚሊ ሊትር ሚዲየም 10 ማይክሮ ሞላር ለማግኘት 3 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ጠርሙሱ ከብርሃን ይጠበቅ፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይቀመጥ፤ በቅዝቃዜ ክሪስታል ሠርቶ ይዘቅጣልና። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያልሞቀ ክፍልን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ጠዋት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ቢጫ ዝቃጭ አለመኖሩን ማየት ልማድ ይሁን። ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚዋሐድ አሉሚኒየም ያለበት መርፌም አይነካው።

ሁለተኛው መድኃኒት ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ከሆነ ችግሩ በጓዳ በር ተመልሶ ይገባል፤ ዲኤምኤስኦው በሁለተኛው መድኃኒት በኩል ከሲስፕላቲኑ ጋር ይገናኛልና። ቲሞኪኖን በኤታኖልም ስለሚሟሟ ኤታኖል መምረጥ ይሻላል። በዲኤምኤስኦ ብቻ የሚሟሟ መድኃኒት ከሆነ ከ0.1 ከመቶ አይብለጥ፤ በፕሌቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጉድጓድም፣ መድኃኒት ያልተሰጠው ጭምር፣ እኩል ዲኤምኤስኦና እኩል የጨው ውሃ ይያዝ። ያለዚህ የማሟሟቻው ሥራ ከመድኃኒቱ ሥራ አይለይም።

ሲስፕላቲን ራሱ ካንሰር አምጪ ተብሎ የሚታሰብ ንጥረ ነገር ነው። ሁለት ጓንት፣ ጋውንና የደኅንነት ካቢኔ ሳይኖር አይነካም፤ አየሩን ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፋ ካቢኔ ለዚህ አይሆንም። የነካው ፕሌት፣ ጫፍና ሚዲየም ተለይቶ ተጠርቅሞ በከፍተኛ ሙቀት ለማቃጠል ይላካል፤ ወደ ሲንክ አይደፋም።

ፕሌቱን መንደፍ

ጥምረት ከመሞከሩ በፊት እያንዳንዱ መድኃኒት ብቻውን ይለካ። ከዝቅተኛ ጀምሮ ሕዋሱን ሙሉ በሙሉ እስከሚገድለው ድረስ ቢያንስ ስድስት መጠን ወስዶ ግማሹን ሕዋስ የሚገታው መጠን፣ ማለትም አይሲ50፣ የት እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ከሌሎች ጽሑፎች ወስዶ መጠቀም አይበቃም፤ በሴረሙ፣ በሕዋሱ ብዛትና በሰዓቱ ርዝማኔ ይለዋወጣልና።

ከዚያ በኋላ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ይወሰድ። በዳር ያሉት 36 ጉድጓዶች በትነት ስለሚጎዱ ፒቢኤስ በተባለው የጨው ፈሳሽ ብቻ ይሞሉ፤ የሚቀሩት 60 ናቸው። ከእነዚህ በ36ቱ ላይ ስድስት በስድስት የሆነ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ በአንዱ አቅጣጫ ሲስፕላቲን ከዜሮ ጀምሮ በስድስት ደረጃ፣ በሌላው ሁለተኛው መድኃኒት እንዲሁ። መጠኖቹ ከአይሲ50 በታችና በላይ የተዘረጉ ይሁኑ። በቀሩት 24 ጉድጓዶች ላይ መድኃኒት ያልተሰጠው ሕዋስ፣ ሕዋስ የሌለው ሚዲየም እንዲሁም ሕዋስ የሌለው ነገር ግን መድኃኒት ያለበት ሚዲየም ይቀመጣሉ። የመጨረሻው ለብዙ ሰው ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዕፅዋት የሚገኙ ብዙ ንጥረ ነገሮች ኤምቲቲ የተባለውን፣ በሕይወት ያለ ሕዋስ ወደ ሐምራዊ የሚለውጠውን ማቅለሚያ ያለ ሕዋስ እገዛ ወደ ሐምራዊ ይለውጣሉ፤ እንዲህ ሲሆን የሞተው ሕዋስ በሕይወት ያለ መስሎ ይታያል።

በአንድ ጉድጓድ ከ3,000 እስከ 5,000 ኤ549 ሕዋስ ዘርቶ አንድ ቀን እንዲያርፍ መተው፣ ከዚያም መድኃኒቱን ለ48 ወይም ለ72 ሰዓት መስጠት የተለመደ ነው። በመጨረሻም በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም እንዲሆን ኤምቲቲ ይጨመርና ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። እዚህ ላይ እጅ መፍጠን የለበትም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሐምራዊው ፎርማዛን ሕዋሱ ላይ እንደ ቀጭን መርፌ በቅሎ ይገኛል፤ በቀላሉም ይላቀቃል። ፕሌቱን ወደ ራስ ትንሽ አዘንብሎ የፒፔቱን ጫፍ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አሳርፎ ሚዲየሙን በዝግታ መምጠጥ፣ ከታች ጥቂት ማስቀረት፣ ቀጥሎም ክሪስታሉን በዲኤምኤስኦ አሟሙቶ በ570 ናኖ ሜትር ማንበብ ነው። በዚህ ደረጃ ሲስፕላቲኑ ሥራውን ስለጨረሰ ዲኤምኤስኦው አይጎዳም።

በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ድግግሞሽ አይደሉም። በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሦስቱ ጉድጓዶች የሚነግሩን የፒፔቱን ትክክለኛነት ብቻ ነው። ድግግሞሽ የሚባለው በሌላ ቀን፣ በሌላ ትውልድ ሕዋስ፣ አዲስ በተቀጠነ መድኃኒት ከመጀመሪያው የተሠራ ሙከራ ነው። ስታትስቲክሱም የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው፤ ሦስት የተለያዩ ሙከራዎች ካሉ ኤኑ (የድግግሞሽ ቁጥሩ) ሦስት ነው፣ ጉድጓዶቹ ዘጠኝ ቢሆኑም።

የትኛው ይቅደም?

ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ መስጠት ቀላሉ መንገድ ነው እንጂ ትክክለኛው መሆኑ የተረጋገጠ አይደለም። ለዚህ ከሳንባ ካንሰር ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጌፊቲኒብ የተባለው የኢጂኤፍአር አጋጅ ከኬሞቴራፒ ጋር ይደጋገፋል ተብሎ በቤተ ሙከራ ተስፋ ከተጣለበት በኋላ፣ ኢንታክት 1 እና ኢንታክት 2 በተባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ1,000 በላይ ታማሚዎች በተሳተፉባቸውና ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ሁለት ጥናቶች ከፕላቲነም ኬሞቴራፒ ጋር ተጣመረ። የታማሚዎቹን ዕድሜ አላራዘመም። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ የሚከተለው ነው። ጌፊቲኒብ ሕዋሱን ጂ1 በተባለው የዑደቱ ደረጃ ያቆመዋል፤ ኬሞቴራፒው ደግሞ በይበልጥ የሚገድለው ዲኤንኤውን የሚያባዛውንና የሚከፈለውን ሕዋስ ነው። እናም አንዱ ሌላው የሚመታውን ዒላማ ደበቀበት። ሁለተኛው ማብራሪያ ታማሚዎቹ በዘረ መላቸው አለመመረጣቸው ነው። ከዓመታት በኋላ የኢጂኤፍአር ለውጥ ያለባቸው ታማሚዎች ብቻ በተካተቱበት ፍላውራ2 በተባለው ጥናት ኦሲመርቲኒብ የተባለው ሌላ የኢጂኤፍአር አጋጅ ፔሜትሬክስድ ከተባለው ኬሞቴራፒና ከፕላቲነም ጋር ሲሰጥ፣ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ16.7 ወደ 25.5 ወር ከፍ ብሏል። ተመሳሳይ ሐሳብ በተገቢው ሕዋስ ላይ ሲውል ሌላ ውጤት ሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሙከራው ሦስት ቅደም ተከተል ይኑረው፦ አጋላጩ (ሁለተኛው መድኃኒት) 24 ሰዓት ቀድሞ፣ ሲስፕላቲኑ 24 ሰዓት ቀድሞ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። አጋላጩ የሕዋሱን ዑደት የሚያቆም ከሆነ ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ ጠቃሚ ይሆናል።

መደመርን ከመደጋገፍ መለየት

አንድ ተሸካሚ አንድ ኩንታል፣ ሌላውም አንድ ኩንታል የሚያነሣ ከሆነ ሁለቱ ተጋግዘው ሁለት ኩንታል ቢያነሡ መደመር ነው፤ ሦስት ቢያነሡ ግን መደጋገፍ ነው። በመድኃኒት ላይ ይህን ለመለየት ሁለት የታወቁ ስሌቶች አሉ፤ ሁለቱንም መሥራት ይመከራል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1939 የቀረበው የብሊስ ስሌት ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ሌላውን ሳይነካ ቢሠሩ ምን ይጠበቅ እንደ ነበር ያሰላል። ለምሳሌ ሲስፕላቲን ብቻውን 30 ከመቶ፣ ሁለተኛው ብቻውን 20 ከመቶ ሕዋስ ቢገታ፣ የሚጠበቀው 50 አይደለም፤ በመጀመሪያው የተገታው ሕዋስ በሁለተኛው እንደገና ሊቆጠር ስለማይገባ የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም 6፣ ይቀነሳል። የሚጠበቀው 44 ነው። በሙከራው 45 ከተገኘ ምንም የተለየ ነገር አልተከሰተም፤ 65 ከተገኘ ግን 21 ነጥብ ትርፍ አለ፤ ይህም በሁሉም ድግግሞሾች ከታየ መደጋገፍ ነው።

ሁለተኛው ቲንግ ቻኦ ቹ እና ፖል ታላላይ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት የጥምረት ልኬት ነው። ግማሹን ሕዋስ ለመግታት ሲስፕላቲን ብቻውን 10፣ ሁለተኛው ብቻውን 40 ማይክሮ ሞላር ቢያስፈልግ፣ በጥምረት ግን 4 እና 8 ቢበቃ፣ 4 ለ10 ሲካፈል 0.4፣ 8 ለ40 ሲካፈል 0.2፣ ድምሩ 0.6 ይሆናል። ከ1 በታች መደጋገፍ፣ 1 መደመር፣ ከ1 በላይ መቃረን ነው። የልኬቱ ችግር በተናጠል ግራፎቹ ጥራት ላይ ሙሉ በሙሉ መመሥረቱ ነው፤ አንዱ መድኃኒት ብቻውን ግማሽ ሕዋስ እንኳ የማይገታ ከሆነ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል፤ በዚህ ጊዜ የብሊስን ስሌት መከተል ይሻላል። የስሌቱን ታማኝነት ለመፈተን ሲስፕላቲንን ከራሱ ከሲስፕላቲን ጋር «ማጣመር» ጥሩ ዘዴ ነው። መድኃኒት ከራሱ ጋር ሊደጋገፍ ስለማይችል የጥምረት ልኬቱ ወደ 1 ካልቀረበ ፕሌቱ ወይም ስሌቱ ላይ ችግር አለ።

በአንድ መጠን ላይ ብቻ የታየ መደጋገፍ ላይ ተመሥርቶ መደምደም አይገባም። በሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ባሉ መጠኖች ላይ በተከታታይ መታየት አለበት።

ከኤምቲቲ በኋላ

ኤምቲቲ የሚለካው የሕዋሱን የመተንፈስና የመሥራት ኃይል እንጂ ሞቱን አይደለም። ቆሞ የተኛ ሕዋስና የሞተ ሕዋስ በንባቡ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ መደጋገፉ በታየባቸው ሁለት ወይም ሦስት መጠኖች ላይ ሌላ ማረጋገጫ ይሠራ። ከሁሉም የምመርጠው፣ በጥቂት ዕቃም ሊሠራ የሚችለው፣ የኮሎኒ ሙከራ ነው። መድኃኒቱ የተሰጠውን ሕዋስ በጥቂት መቶ ቆጥሮ በሰፊ ጉድጓድ መዝራት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ሳይነኩ መተው፣ በክሪስታል ቫዮሌት አቅልሞ ከ50 ሕዋስ በላይ የያዙትን ኮሎኒዎች መቁጠር ነው። ካንሰርን አደገኛ የሚያደርገው ከሕክምና በኋላ ተርፎ የሚባዛው ሕዋስ ስለሆነ ይህ ሙከራ ለጥያቄው በጣም ይቀርባል። ፍሎ ሳይቶሜትር ባለበት የሕዋስ ሞትን የሚያሳየው የአኔክሲን ምርመራ፣ የዲኤንኤ ጉዳትን ለማሳየት ደግሞ የጋማ ኤች2ኤኤክስ ምርመራ ይጨመራል።

የአሠራሩን ምክንያት ለማሳየት ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶችን የሚያከሽፈውን ኤን አሴቲል ሲስቴይን ጨምሮ «ሕዋሱ ዳነ፣ ስለዚህ መንገዱ በኦክስጅን ጎጂ ቅንጣቶች ነው» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ ንጥረ ነገር ድኝ ስላለው ሲስፕላቲኑን ገና በሚዲየሙ ውስጥ አስሮ ሊያከሽፈው ይችላል፤ ሕዋሱ የዳነው መድኃኒቱ ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መንገዱን ለማረጋገጥ የሚጠረጠረውን ዘረ መል መዝጋት የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

መጠኑ ለሰው ይደርሳል?

ሜትፎርሚን ለዚህ ትምህርት ይሆናል። ለስኳር ሕመም በደሴም በየፋርማሲው የሚሸጠው ይህ መድኃኒት በብዙ የቤተ ሙከራ ሥራዎች የሳንባ ካንሰር ሕዋስን ለሕክምና አጋልጧል። የተሰጠው ግን ብዙ ጊዜ በሚሊ ሞላር ነው፤ ኪኒኑን በሚወስድ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ግን በማይክሮ ሞላር የሚለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤታቸው በወጣ ሁለት የሕክምና ጥናቶች፣ በአካባቢው የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ኬሞቴራፒና ጨረር በሚሰጥበት ጊዜ ሜትፎርሚን መጨመር ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ እያንዳንዱ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ከፋርማኮሎጂ ጽሑፎች ተፈልጎ በሰንጠረዡ ላይ በመስመር ምልክት ይደረግበት፤ መደጋገፉ ከመስመሩ በላይ ብቻ ከታየ ይህ በግልጽ ይጻፍ።

ይህ ጉዳይ ከላብራቶሪው ውጭም ይመጣል። ጥናቱን የሰማ ዘመድ «እንግዲያው እናቴ ኬሞ ስትወስድ ከሰኞ ገበያ ጥቁር አዝሙድ ገዝቼ ላጠጣት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ መዘጋጀት አለበት። ፕሌት ላይ የተሰጠው የተጣራ ንጥረ ነገር እንጂ ዘይቱ ወይም ፍሬው አይደለም፤ ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ በተጨማሪነት የሚወሰድ ማንኛውም ነገር ለሚያክማት ሐኪም ወይም ለፋርማሲስቱ በቅድሚያ መነገር አለበት፤ በምግብ ውስጥ እንደ ቅመም የሚገባውን ግን ሐኪሙ ካልከለከለ በዚህ ጥናት ምክንያት መተውም መጨመርም አያስፈልግም።

ውጤቱን መጻፍ

በርእሱ ላይ «የሳንባ ካንሰርን» ከማለት «ኤ549 እና ኤች1299 ሕዋሳትን» ማለት ይሻላል። የውጤቱ ዐረፍተ ነገር ሕዋሱን፣ ቅደም ተከተሉን፣ ሰዓቱን፣ የመጠኑን ክልል፣ የተጠቀሙበትን ስሌትና የነጻ ድግግሞሾቹን ቁጥር አንድ ላይ ይያዝ። ለምሳሌ፦ «ቲሞኪኖን ከሲስፕላቲን 24 ሰዓት ቀድሞ ሲሰጥ በኤ549 ላይ በሦስት ነጻ ሙከራዎች የጥምረት ልኬቱ በአራት ተከታታይ መጠኖች ከ1 በታች ሆኗል፤ በአንድ ጊዜ ሲሰጡ ግን ይህ አልታየም፤ በኤምአርሲ5 ላይ መደመር ብቻ ታይቷል።» የስድስት በስድስቱ ሰንጠረዥ ጥሬ ንባቦች በሙሉ፣ መደጋገፍ ያልታየባቸውም መቃረን የታየባቸውም ጭምር፣ በአባሪ ይያያዙ። የሲስፕላቲኑ ማሟሟቻ፣ የኢንኩቤተሩ የጋዝ መጠንና የከተማው ከፍታ ደግሞ በዘዴው ክፍል በመጀመሪያው አንቀጽ ይግቡ፤ ሙከራውን በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ሊደግመው የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልጋቸው እነዚህን ሦስቱን ነውና።